የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተገለበጠው መቼ ነው? (ክትፎ ተወራርደናል)

ናቲ ዘሳሪስ፦

ሰላም ቤተሰብ። እስቲ አንድ ነገር ገላግሉን።

ትናንት ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ቡና ላይ ተነታረክን። እሱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተገለበጠው ኖርማንዲ ላይ ነው ይላል። አሜሪካና እንግሊዝ ፈረንሳይ ባህር ዳርቻ ላይ በጁን 1944 ባይወርዱ ኖሮ ሂትለር አይሸነፍም ነበር ባይ ነው። እኔ ደግሞ ስታሊንግራድ ነው አልኩ። እናታችን «ሁለታችሁም አልነበራችሁበት፤ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው» አለች። ነገሩ ግን አልበረደም። አንድ ክትፎ ከነአይቡ ከነጎመኑ ተወራርደናል።

ሁለተኛ ጥያቄ። የሞተውን ሰው ብዛት ልፈልግ ብዬ ገብቼ ግራ ገባኝ። አንዱ 50 ሚሊዮን ይላል፣ ሌላው 60፣ ሌላው 80። በመሃል 30 ሚሊዮን ሰው አለ እኮ! የአንድ አገር ሕዝብ ነው። እንዴት ነው ይህን ያህል ሰው ሞተ አልሞተ ሳይታወቅ የሚቀረው?

ታሪክ የምታውቁ በሞቴ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ብታደርጉት ይሻላል፤ ወንድሜ በዓመተ ምሕረት ካሰብኩ አጭበረበርክ ይለኛል።

ቢኒ አራዳ፦

ስታሊንግራድ። አለቀ። ክትፎህን ብላ።

ሶቭየቶች ኖቬምበር 19 ቀን 1942 ከሁለት በኩል መጥተው ከበቧቸው። የመጨረሻው ጀርመን እጁን የሰጠው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ነው። 91 ሺህ ገደማ ተማረከ። ከዚያ ውስጥ አገሩ የተመለሰው አምስት ስድስት ሺህ ብቻ ነው። ኖርማንዲ የመጣው ከዚያ 16 ወር ቆይቶ ነው። ወንድምህ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስታዲየም የገባውን ተመልካች ነው ጎል አገባ የሚለው።

ሶስና (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ቢኒ ቀልድህ ጥሩ ነው፤ ግን አሁን የተናገርከው የአውሮፓውን ብቻ ነው።

እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ከኔ ጋር በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ቻይናዊት አለች። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ስለ ኖርማንዲ ፕሮግራም ነበር። «ጦርነቱ በ1939 ጀመረ» ሲል ሳቀች። «ለኛ የጀመረው በ1937 ነው» አለችኝ። ናንጂንግ በሚባለው ከተማቸው ጃፓኖች ያደረሱትን ጭፍጨፋ እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ቻይና 15 ሚሊዮን፣ ምናልባትም 20 ሚሊዮን ሰው ነው ያለቀባት። ከሶቭየት ቀጥሎ ብዙ ሰው የሞተባት እሷ ናት። በኛ ክርክር ውስጥ ግን ስሟ እንኳ አልተነሳም።

ታዲያ እኔም ዝም አላልኩም። «ለኛ ደግሞ በ1935 ነው» አልኳት። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው መረብን የተሻገረው። የካቲት 12 የሆነውን ነገርኳት። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ተመልሰው ሲገቡ ገና ሂትለር ሞስኮ ላይ አልዘመተም ነበር። ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን ከወረሯቸው አገሮች ቀድማ ነጻ የወጣች አገር ናት የኛ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ጉባኤው ያቀረበችው የሟች ቁጥር 760 ሺህ ነው። ናቲ፣ አንተ ባየኸው 50 ሚሊዮን ውስጥ ይህ አለ? የለም። ከ1939 ወዲህ ያለውን ብቻ የሚቆጥር ነው የሚበዛው።

በፓሲፊኩ በኩል ከጠየቅከኝ መታጠፊያው ሚድዌይ የምትባል ደሴት ላይ የተደረገው የባህር ውጊያ ነው፣ ጁን 1942። ጃፓን በአንድ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሰጠሙባት። እነሱን ቶሎ የሚተካ ፋብሪካ አልነበራትም።

ጥቁር ዳቦ፦

ልጆች፣ ጨዋታችሁን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ በ1976 ዓ.ም. ነው ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ የገባሁት፣ እርሻ ልማር። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ትምህርት። ያኔ የኮሚኒስት ፓርቲ ታሪክ ግዴታ ነው፤ የውጭ ተማሪም አይቀርለትም። አስተማሪያችን በሁለተኛው ዓመት አንድ ጽሑፍ አዘዘን። ርዕሱ የናቲ ጥያቄ ራሱ ነው። የጦርነቱ መታጠፊያ የቱ ነው? መልሱ ደግሞ አስቀድሞ ታውቋል። ስታሊንግራድ ብለህ ትጀምራለህ፣ ኩርስክ፣ የ1943ቱ ትልቁ የታንክ ውጊያ፣ ብለህ ትጨርሳለህ። ኖርማንዲን በአንድ አረፍተ ነገር ታልፋታለህ፣ እሱንም «ዘግይተው መጡ» ብለህ።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ የሰው ምስክርነት ልጨምርበት አሰብኩ። የምንኖርበት የተማሪ ቤት በር ላይ አንዲት ባቡሽካ፣ አሮጊት ማለት ነው፣ ይቀመጡ ነበር። ቁልፍ የሚሰጡን፣ ማታ ስናረፍድ የሚቆጡን እሳቸው ናቸው። የከተማዋ ልጅ ናቸው፤ ከበባውን አይተውታል። በ1941 የ19 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከበባውን ለማታውቁት ባጭሩ። ጀርመኖች ሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 ወደ ሌኒንግራድ የሚወስደውን የየብስ መንገድ ሁሉ ዘጉ። እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944፣ 872 ቀን። የሂትለር ሐሳብ ተዋግቶ መግባት አልነበረም። ሕዝቡ በረሃብ እንዲያልቅ ነው። በዚያው በሴፕቴምበር 8 ቀን የባዳዬቭ መጋዘኖች በቦምብ ነደዱ። ስኳሩ ቀልጦ መሬት ውስጥ ገባ። ሰዉ በኋላ አፈሩን እየቆፈረ በውሃ በጥብጦ፣ አጥልሎ ይጠጣው ነበር። «ጣፋጭ አፈር» ይሉታል። ብዙዎች ረሃቡ የመጣው መጋዘኑ ስለተቃጠለ ነው ይላሉ። እውነቱ ግን እዚያ የነበረው እህል ቢተርፍም ለጥቂት ቀን እንጂ አይበቃም ነበር።

እና ባቡሽካዬን ጠየቅኳቸው። «እናሸንፋለን ብለው ያሰቡት መቼ ነው?» አልኳቸው። እስክሪብቶዬን ይዤ ስታሊንግራድ እስኪሉ ነው የምጠብቀው።

«በዲሴምበር 25» አሉኝ። የ1941 ማለታቸው ነው።

በዚያ ቀን ምን እንደሆነ በመጽሐፌ ፈለግኩ። ጦርነት የለም። ጄኔራል የለም። የሆነው ይህ ነው። ከኖቬምበር 20 ጀምሮ የዳቦ ራሽኑ ለሠራተኛ 250 ግራም፣ ለሌላው ሁሉ፣ ለልጆችም ለሽማግሌም፣ በቀን 125 ግራም ነበር። አምስት ሳምንት እንዲህ ኖሩ። በዲሴምበር 25 ለሠራተኛ 350፣ ለሌላው 200 ሆነ። ማንም አልነገራቸውም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሆነው ነው ሻጯ ስትመዝን ያዩት። 75 ግራም! ሰዉ ሰልፉ ላይ ተላቀሰ አሉኝ።

75 ግራም ስንት ነው? እኔ የላቦራቶሪ ሚዛን ነበረኝ። ከካፌ ጥቁር ዳቦ አምጥቼ መዘንኩ። 125 ግራም ቀጭን ቁራጭ ሁለት ከግማሽ መጣልኝ። ይህ እንግዲህ የደህና ጊዜ ዳቦ ነው። የዚያን ጊዜው ሴሉሎዝና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ የገባበት፣ ውሃ ያዘለ ነው። እርጥብ ስለሆነ ይከብዳል፤ ስለሚከብድ ያንሳል። ቁራጩን ለባቡሽካዬ ባሳያቸው ሳቁ። በጣታቸው ከዳር ሲሶ ያህሉን ቆንጥረው ለይተው «አሁን ልክ ነው» አሉኝ። የለዩትን ግን አልጣሉትም። አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

ይህ ሁሉ ዳቦ የመጣው በሐይቅ ላይ ነው። ላዶጋ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ውሃው ሲበረድ በበረዶው ላይ መኪና ነዱ። የመጀመሪያው የመኪና ሰልፍ የወጣው ኖቬምበር 22 ነው። አንድ ቶን ተኩል የምትጭን ትንሽ የጭነት መኪና ነበረቻቸው፣ «ፖሉቶርካ» ይሏታል። ሹፌሮቹ በር ከፍተው ነው የሚነዱት፣ በዚያ ብርድ! በረዶው ከተሰነጠቀ ዘለው እንዲወጡ ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ሰው በብዛት ያለቀው ራሽኑ ከተጨመረ በኋላ ነው። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 1942፣ በየወሩ ወደ 100 ሺህ ሰው። የተጎዳ ሰውነት በ75 ግራም አይመለስም። ሬሳ የሚወስዱት በልጆች የበረዶ መንሸራተቻ ነበር። የባቡሽካዬ እናትም የሞቱት በጃንዋሪ ነው። እኔ ያኔ የ23 ዓመት ጅል ነኝ። «ታዲያ እናትዎ ከሞቱ ዲሴምበር 25 እንዴት መታጠፊያ ይሆናል?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ከዚያ በኋላ ሰልፍ ለመሄድ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ» አሉኝ። ከዚያ በፊት የሚያመጣላቸው ጎረቤት ነበር።

ይህን ጽሑፌ ውስጥ አላስገባሁትም። ስታሊንግራድ ብዬ ጻፍኩ።

ናቲ፣ ወደ ክትፎህ ልመለስ። ወታደራዊውን ከጠየቅከኝ አንተ ወደ እውነቱ ትጠጋለህ። ግን እኔ ከስታሊንግራድ በፊት ሞስኮን አስቀድማለሁ። ዲሴምበር 5 ቀን 1941 ሶቭየቶች መልሰው ማጥቃት ጀመሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ጃፓን የአሜሪካን የባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን መታች። በዲሴምበር 11 ሂትለር ራሱ በአሜሪካ ላይ ጦርነት አወጀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ባጭር ጊዜ አሸንፋለሁ ያለው ሰው ረጅም ጦርነት ውስጥ ገባ፣ ያውም ከሦስት ትልልቅ አገሮች ጋር። ከዚያ ወዲያ ያለው ስንት ሰው ይሙት የሚለው ነበር።

ወንድምህንም አትናቀው። ከሞተው የጀርመን ወታደር ከአራቱ ሦስቱ ያህል የወደቀው በምሥራቁ ግንባር ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያ ቀይ ጦር የሚጓዘው በምን ነበር? በአሜሪካ ስቱድቤከር! ከ400 ሺህ በላይ የጭነት መኪናና ጂፕ ነው አሜሪካ የላከችው። የአሜሪካ የቆርቆሮ ሥጋም ነበር። የሶቭየት ወታደር ቆርቆሮውን ሲከፍት «ሁለተኛውን ግንባር እንክፈት» ይል ነበር አሉ፣ ኖርማንዲን ሲጠብቅ ሰልችቶት። ኖርማንዲ ከተከፈተ በኋላ በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ሶቭየቶች ቤሎሩሲያ ላይ ባግራትዮን የሚባለውን ዘመቻ ጀመሩ። የጀርመንን የመሃል ጦር ድራሹን አጠፉት። ስፋቱ ከኖርማንዲ አያንስም። ስለሱ የተሠራ ፊልም ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሶስና አታገኝም።

ናቲ ዘሳሪስ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜን ጠርቼ አስነበብኩት። የቆርቆሮ ሥጋው ላይ ሲደርስ «አየህ!» አለኝ። ሌላውን ያላነበበ መሰለ።

የቁጥሩን ነገር ግን ረሱት። እርስዎ እዚያ ሲማሩ ስንት ነበር የሚባለው?

ጥቁር ዳቦ፦

አልረሳሁም። ደክሞኝ ነው። በስልክ ነው የምጽፈው፣ አይኔም እንደ ድሮው አይደለም።

እኔ ስማር የሶቭየት ሟች 20 ሚሊዮን ነበር። ማንንም ብትጠይቅ፣ በእንቅልፉም ብትቀሰቅሰው 20 ሚሊዮን ይልሃል። ከዚያ በፊት ግን በ1946 ስታሊን ራሱ 7 ሚሊዮን ብሎ ነበር። 20ውን ያመጣው ክሩሽቼቭ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገር ልመለስ ስል፣ በ1990፣ ጎርባቾቭ ወደ 27 ሚሊዮን ነው አለ።

ሰዎቹ በየጊዜው አልሞቱም። የሞቱት አንዴ ነው። መሪው በተቀየረ ቁጥር ግን ቁጥሩ አደገ። ስታሊን ብዙ ሰው ሞተብኝ ማለት አይፈልግም። እንዴት ይህን ያህል አስጨረስክ ይባላላ። የ27ቱ ስሌት ደግሞ ስም ተጠርቶ የተቆጠረ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ሕዝብ ያዙ፣ ከጦርነቱ በኋላ የቀረውን ያዙ፣ የሚወለደውንና በተፈጥሮ የሚሞተውን አሰሉ። ልዩነቱ ነው ሟች የተባለው። እንደ እህል ጎተራ አስበው። ሲገባ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ቀረ። አይጥ በላው፣ ነቀዘ፣ ሌባ ወሰደው የሚለውን ጎተራው አይነግርህም።

ሌኒንግራድንም ብትወስድ ያው ነው። ከጦርነቱ በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት ኑረምበርግ ፍርድ ቤት የቀረበው 632 ሺህ ነበር። በኋላ ያጠኑት 800 ሺህ ይላሉ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሉም አሉ። ሙሉ ቤተሰብ ሲያልቅ ሞቱን ማን ያስመዘግብ? ከከተማው ወጥቶ ባቡር ላይ የሞተውስ የማን ሟች ነው? ወንድ ልጅ በጀርመን እጅ ሲማረክስ? ከተማረኩት 5.7 ሚሊዮን የሶቭየት ወታደሮች ውስጥ 3.3 ሚሊዮን ያህሉ እዚያው በረሃብ፣ በብርድ፣ በጥይት አለቁ። ብዙዎቹ ቤታቸው የደረሰው ወረቀት «ደብዛው ጠፋ» የሚል ነው።

የ50ውና የ80ውም ልዩነት የሚመጣው ከዚሁ ነው። በጥይት የሞተውን ብቻ ትቆጥራለህ ወይስ በረሃብና በበሽታ ያለቀውንም? በ1943 ቤንጋል ላይ እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው በረሃብ አለቀ። ጦርነቱ እዚያ በደንብ አልደረሰም፣ ረሃቡ ግን ከጦርነቱ የመጣ ነው። ቻይናም እንደዚያው። ሶስና እንዳለችው በ1935 ትጀምራለህ፣ በ37 ወይስ በ39? በዚያ ላይ ይወሰናል። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ የሚለው ግን ከሁሉ በተሻለ የተጠናው ነው። ገዳዮቹ ባቡሩን እየመዘገቡ ነበር የሚጭኑት።

በነገራችን ላይ ያ ጽሑፌ አሁንም ቤቴ አለ። 20 ሚሊዮን ይላል። ከጎኑ አስተማሪው በቀይ 5 ጽፎበታል። 5 ማለት እዚያ ትልቁ ውጤት ነው።

ቢኒ አራዳ፦

ጋሼ፣ እኔ «አለቀ» ያልኩትን አንስቻለሁ 😅 ክትፎው ግን የናቲ ነው።

ሶስና (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርሻ ነው የተማርኩት ብለዋል። እዚያ ከተማ የእህል ዘር የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር፣ ሰዎቹ ተርበው ዘሩን ሳይነኩ ሞቱ ሲባል ሰምቻለሁ። የኛም እህል ነበረበት የሚሉ አሉ። ተረት ነው ወይስ እውነት?

ጥቁር ዳቦ፦

እውነት ነው የኔ ልጅ። ገብቼበታለሁ።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሳይንቲስት ነበር። ዓለምን ዞሮ ዘር የሰበሰበ ሰው ነው። በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ራስ ተፈሪን አነጋግሯል። በበቅሎ እየዞረ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጤፉን ሰብስቧል። ያን ሁሉ ዓይነት ስንዴ በአንድ አገር አይቶ ተደነቀ። ዘሩ ሌኒንግራድ መሃል፣ ቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ላይ ባለ ሕንጻ ውስጥ ተቀመጠ።

በከበባው ጊዜ ቶን በቶን እህል እዚያ አለ። ሠራተኞቹ 125 ግራም እየበሉ በፈረቃ ይጠብቁታል፣ ከሰውም ከአይጥም። አሌክሳንደር ሹኪን የኦቾሎኒ ዘር ኃላፊ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የሩዝ ኃላፊ ነበር፤ በብዙ ሺህ የሩዝ ፓኬት ተከቦ በረሃብ ሞተ። ሌሎችም አሉ። ቫቪሎቭ ራሱ ግን እዚያ አልነበረም። ጀርመን አይደለም የያዘው። ጀርመን ሶቭየትን ከመውረሯ በፊት በ1940 የገዛ መንግሥቱ አስሮት ነበር። በጃንዋሪ 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። የዓለምን እህል የሰበሰበው ሰውም የሞተው በረሃብ ነው። ስታሊንግራድ ልታልቅ ሳምንት ሲቀራት!

እኛን ለልምምድ ወሰዱን። አንዲት ሴት መሳቢያ ስባ የኛን አገር ስንዴ አሳየችኝ። ካርዱ ላይ «አቢሲኒያ» ይላል። ስንዴው የደጋ ነው፣ ጠቆር ያለ፤ እናቴ ለቆሎ የምትለየው ዓይነት። ላቀምሰው እጄን ዘረጋሁ፣ እንደ ቆሎ! ሴትዮዋ እጄን ያዘችው። አልተቆጣችም። ብቻ ያዘችው። እርግጥ ፍሬው ራሱ የ1927ቱ አይደለም። ዘር እንዳይሞት በየጥቂት ዓመቱ እየተዘራ ይታደሳል። ያንን የልጅ ልጁን ነው ያየሁት።

ስወጣ አደባባዩን በመስኮት አሳየችኝ። በ1942 በጋ እዚያ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ጥቅል ጎመን ዘርተውበት ነበር አለችኝ። ፎቶው አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት። የወርቅ ጉልላት፣ ከሥሩ መደዳ ጎመን።

ናቲ ዘሳሪስ፦

አየሁት። ለእናቴም አሳየኋት። «ይሄ ጎመን ተራርቆ ነው የተተከለው፣ አፈሩ ጥሩ ነው ማለት ነው?» አለች። ለጋሼ ጠይቅልኝ ብላለች።

ወንድሜ አሁንም ኖርማንዲ ነው። ክትፎውን በየኪሳችን ልንከፍል ነው።